ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ክፈት

ሥራ ካቆምኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በሚመጣው ማክሰኞ፣ አላህ ካለ፣ ወደ አገሬ እሳፈራለሁ። ኹሩጁ ተመትቶልኛል፤ ከዚህ ወዲያ ተመልሼ የማልገባበት የመጨረሻው መውጫ ነው። የሚገባኝንም ሰጥተውኛል፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። ደማም፣ አል ፈይሰሊያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሦስት ሰው ጋር በምኖርባት ክፍል፣ ሦስቱም ሥራ ሲውሉ፣ እኔ ብቻዬን እውላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴም የዶሮ ጭረት ነው። ልጄ ሐዋ ግን «አባዬ፣ በስልክ የምትነግረኝን ጻፈው፤ እኔ አነበዋለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ልጻፍ።

የሚያሳስበኝ ነገር አንድ ነው፤ ዝናብ። እዚህ አገር በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚመጣው። የመጣ ቀን ለዛፎቼ ውሃ የሚከፍትላቸው ሰው ይኖር ይሆን? «በዝናብ ቀን ደግሞ የምን ውሃ?» የሚል ይኖራል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያው ብያለሁ። በዚያ ምክንያት አርባ ዛፍ ሞተብኝ፤ ከዛፎቹም ጋር አንድ ሰው አጣሁ። የሥራ ዘመኔን በየትም በኩል ብጀምረው ዞሮ ዞሮ እዚያ ይደርሳል።

የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው። እዚህ የመጣሁ ጊዜ መጀመሪያ የደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ መጋዘን ገባሁ። ካርቶን መሸከም ነው፤ ስለሱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ከጠዋት እስከ ማታ በር የሌለው ግድግዳ ሳይ የዋልኩበት ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ኾባር አንድ ቪላ ዘበኛም አትክልተኛም ሆኜ ገባሁ። ካፊሌ፣ አሠሪዬም ዋሴም ማለት ነው፣ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ጽጌረዳውን ቆመው ያያሉ። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ አለበሱት። «ሰይድ፣ ከእንግዲህ የሚጠጣ ነገር የለም» አሉኝና ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የደማምን ትልቅ መናፈሻ ወደሚንከባከበው ኩባንያ አዛወሩልኝ። ክፉዎች አልነበሩም።

መናፈሻው ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ነው። ከጫካው መሐል ሐይቅ አለ። የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ሳየው «አገሬ ገባሁ» ብዬ ነበር። ኋላ ስጠጋ የሐይቁ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ ውሃውም ከከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ በቱቦ የሚመጣ ነው። ሰው አይጠጣውም፣ ዛፍ ግን አይጸየፈውም። በራሱ ፈቃድ የበቀለ አንድ ዛፍ የለም። ሁሉም በሰው እጅ ተተክሎ በሰው እጅ የሚጠጣ ነው፤ እጁ ከተነሳበት በአንድ በጋ ያልቃል። ይህን ሳውቅ ጫካው አሳዘነኝ። እንደኛው ስደተኛ ነው።

ከሐይቁ በስተምዕራብ በኩል ግን አንድ ረድፍ ዛፍ ነበር። ቅጠሉን ልቀጥፍ እጄን ስሰድ እሾሁ ወጋኝ፤ ያን ጊዜ አወቅሁት። ቁርቁራ ነው። የመርሳ ገበያ ላይ ፍሬውን በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡት ያ ቁርቁራ። እዚህ ሲድር ይሉታል። ጣቴን እየጠባሁ ትንሽ ቆምኩ፤ ወዲያው ከኋላዬ አንድ ሰው በዓረብኛ «ወጋህ? እንግዲህ ተዋወቃችሁ» አለኝ።

አቡ ሐሰን ነበሩ። የአል አሕሳ ሰው ናቸው፤ አል አሕሳ ከደማም ብዙ የማይርቅ የተምር አገር ነው፤ አባት አያታቸው ተምር ሲያጠጡ የኖሩ። ሳዑዲ ሆኖ እጁ እንደ እኔ እጅ የተሰነጠቀ ሰው ያየሁት እሳቸውን ነው። ኩባንያው የዛፎች ኃላፊ አድርጎ ቢሮ ሰጥቷቸው ነበር፤ እሳቸው ቢሮውን የአካፋ ማስቀመጫ አደረጉት።

ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ከአንዱ ዛፍ ሥር አፈር ቆንጠር ያደርጉና ምላሳቸው ላይ ያኖሩታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረው እንትፍ ይላሉ። «ጠይብ» ካሉ ደህና ነው። ዝም ካሉ ያን ቀን ምሳ ይዘገያል። ጨዉን ነው የሚቀምሱት። ከምድሩ ሥር ያለው ውሃ የባሕር ጎረቤት ነው፤ የምናጠጣውም ውሃ ጨው አያጣም። እኔንም አስቀመሱኝ። መጀመሪያ ሁሉም አፈር አፈር ነበር የሚለኝ። ዓመት ሳይሞላ የየትኛው ዛፍ አፈር እንደሆነ ጨፍኜ መለየት ጀመርኩ። «ጨዉን ከዛፉ ቀድመህ እወቀው» ይሉኝ ነበር። «ዛፉ ካወቀው ረፍዷል።»

ሌላው ዕቃቸው ዘንግ ነው፤ እንደ ጣት የቀጠነ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት። ውሃ ካጠጣን በኋላ አፈሩ ላይ ይሰኩታል። እርጥቡ አፈር ያስገባዋል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ክንድ ሙሉ ካልገባ «የዛፉን ጫማ ነው ያረጠብከው፤ ሰውዬውማ አልጠጣም» ብለው ያስደግሙኛል። እኔ በአገሬ ልማድ ችግኝን በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ነበር የማውቀው። እዚህ ያ መግደል ነው። ጥቂቱን ውሃ ፀሐይ ይመጠዋል፤ ጨዉ ግን እላዩ ላይ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ብዙ አጠጥቶ መተው ነው።

ምሳ ሲበሉ ለሐይቁ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። «ሐይቁ የእንግዶች ነው። እኔ እንግዳ አይደለሁም» ይላሉ።

በዚያን ዘመን የዕረፍት ቀን ሐሙስና ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ መኪናው ይሞላል። ሰዉ ምንጣፉን ያነጥፋል፣ ከሰሉን ያቀጣጥላል፣ ልጆቹ ብስክሌት ይዘው ይበተናሉ። ሐይቁ ላይ በእግር የሚዘወሩ፣ የዝይ ቅርጽ ያላቸው ጀልባዎች አሉ። ማዳሞቹ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ጀልባው ሲወርዱ የቤት ሠራተኞቹ ዕቃውንና ጨቅላውን ይዘው ቁርቁራው ሥር ይቀራሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ ጥላ የለም።

አንድ ሐሙስ ከዛፉ ኋላ ጎንበስ ብዬ ቱቦ ስጠግን አንዲት ሴት በአማርኛ ጨቅላውን ስትቆጣው ሰማሁ። «አባትህ ሦስት መኪና ይዟል፤ አንተ አንድ ጡጦ መያዝ ያቅትህ?» ትለዋለች። ሳላስበው ሳቅኩ።

«ማነው የሚስቀው?» አለች።

«ቱቦው ነው» አልኳት።

«ቱቦ ደግሞ አማርኛ ይችላል?» አለች።

«የወሎ ቱቦ ነው።»

ዘነበች ትባላለች፤ የደጀን ልጅ ናት፤ ኾባር አንድ ቤት ነው የምትሠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እናወራለን። ሴት ከማታውቀው ወንድ ጋር ስታወራ ቢያዩ ሙሽኪላው፣ ጣጣው፣ ለእሷ ነው። ስለዚህ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቱቦ እነካካለሁ፤ እሷም ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ለጨቅላው የምታወራ ትመስላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አወራን። ፊቷን በደንብ አላውቀውም። ድምጿን ግን ዛሬ በሺህ ድምፅ መሐል ብሰማው እለየዋለሁ።

ሳቂታ ነበረች። በሁዳዴ ጾም «ጋሽ ሰይድ፣ ጉድ ልንገርዎት» አለችኝ። «ሥጋውን ወተቱን ስተው ማዳም ለመክሳት መሰላት። ስንት ኪሎ ቀነስሽ ትለኛለች። አሁን እሷም ከእኔ ጋር ትታዋለች።»

«እና ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ፤ ሁዳዴን አስያዝኳት።»

ሌሎች ልጆችም ይመጡ ነበር፤ ሦስትም አራትም ሆነው። ረድፉን «ሰፈራችን» ነበር የሚሉት። ፍሬው ሲደርስ እሰበስብና ግንዱ ሥር በፌስታል አስቀምጥላቸዋለሁ። የዘነበች ውል ሊያልቅ ሲል «የምሄድበትን ቀን አስቀድሜ እነግርዎታለሁ» አለችኝ። «ለሐዋ የሚላክ ካለ ያዘጋጁ፤ ኮምቦልቻ ድረስ ወስጄ በእጇ ነው የምሰጣት። አባትሽ ፊት የለውም፣ ጀርባ ብቻ ነው እላታለሁ።» ለሐዋ ሻርፕ ገዝቼ ጠበቅሁ።

የዚያን ዓመት አቡ ሐሰን ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸው። ቀዶ ሕክምና ተብሎ ወር ያህል ወደ አል አሕሳ ሄዱ። መኪናው ሳይነሳ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ያ ሰይድ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ክፈት» አሉኝ።

«ዝጋ ማለትዎ ነው?»

«ክፈት ነው የምልህ።»

ሁለት ጊዜ ነው ያሉኝ። አልሰማሁም ማለት አልችልም። በልቤ ግን ሽማግሌው ሐሳባቸው ዓይናቸው ላይ ነው አልኩ።

ከሄዱ በዐሥረኛው ቀን ዝናቡ መጣ። አቧራ የሚያስቀምጥ ቀጭን ካፊያ፤ አራት ቀን ብቅ ጥልቅ አለ። ሰዉ ሁሉ ከቤቱ ወጣ፤ እዚህ ሰው ከዝናብ አይሸሽም፣ ወደ ዝናብ ይወጣል። እኔ ማሕበሱ ጋ ቆሜ ነበር፤ ማሕበስ የምንለው የውሃውን መዝጊያና መክፈቻ ነው። በሰባ ሰባት ዝናብ እየለመንን ታናሽ ወንድሜን የቀበርን ሰዎች ነን። የአላህ ውሃ ከላይ እየወረደ እኔ ከታች የፍሳሽ ውሃ ብከፍት «ያንተ አይበቃኝም» ማለት መሰለኝ። አፈርኩ። አልሐምዱሊላህ ብዬ በገዛ እጄ ዘጋሁት። አፈሩ እርጥብ ስለመሰለኝም ዐሥራ ሁለት ቀን እንደተዘጋ ተውኩት። የዚያን ጊዜው አለቃ ግብፃዊ ነበር፤ ውሃ በመቆጠቤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆነ፤ እሳት ጫፉን እንደላሰው ወረቀት። ደነገጥኩ፤ በሽተኛ ጥቂት ጥቂት ነው የሚጠጣው ብዬ በየማታው ጠብ ጠብ አደረግሁላቸው። ባሰባቸው። ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። አፈሩን መቅመስ ነበረብኝ፤ አልቀመስኩም። ዛሬ ሳስበው ፈርቼ ነው፤ ምን እንደሚለኝ ሳላውቀው አልቀረሁም።

አቡ ሐሰን ጥቁር መነጽር አድርገው ተመለሱ። ገና በደንብ አያዩም። ከመኪናው ወርደው በእጃቸው ግንዱን ዳበሱ፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጎንበስ ብለው አፈር ቀመሱ። ወዲያው ተፉት፤ ውሃ ጠይቀው አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ።

«ዘንቦ ነበር?»

«ዘንቦ ነበር።»

«ከፈትክ?»

«ዘጋሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጡ። በሥራ ሰዓት ከዛፍ ሥር ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ ጨው ከአፈሩ ላይ፣ ከእርጥበቱ ዳር ዳር ተኝቷል። ትልቅ ዝናብ ቢመጣ ጠርጎ ይወስደዋል። ትንሽ ዝናብ ግን ቀስቅሶ እስከ ሥሩ ይሸኘውና እዚያ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ከኋላው ብዙ ውሃ ልኮ ከሥሩ አልፎ እንዲወርድ ማድረግ አለበት።

«ለምን ዘጋህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ከአላህ አፈርኩ።»

«ዝናቡን የላከው እሱ ጨዉንም ፈጥሯል» አሉኝ። «አንተን ደግሞ ማሕበሱ ላይ አቁሞሃል።»

አለቃው ሲመጣ «ኃላፊው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። ወረቀት ላይ የሰፈረው የእሳቸው ስም ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አካፋ ይዤ ነበር፤ አንድ ቃል አልወጣኝም።

አርባው ዛፍ በወሩ አጥንት ሆነ። ሰዉ ምንጣፉን ይዞ ወደ ሐይቁ ሌላ ዳር፣ ወደ ልጆች መጫወቻው ተሻገረ። ዘነበች አንድ ሐሙስ የሕፃኑን ጋሪ እየገፋች መጣች። የምትደገፍበት ጥላ የለም፤ ፀሐይ ላይ ቆመች። እኔም የምከለልበት የለኝም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሰፈራችን ፈረሰ እኮ። ምን ነካው?» አለች።

«በሽታ ነው» አልኳት።

«ለሰው የማይተርፍ በሽታ ይሁን እንጂ» አለች፤ ዕጣ ፈንታ ላይ እንኳ ትቀልዳለች። ሌላም ልትለኝ ፈልጋ ነበር፤ ትንሽ ቆማ ነበር። ማዳሟ ከማዶ «ዘይነብ፣ ያላ» ብላ ጠራቻት፤ ዘይነብ ነበር የሚሏት። ጋሪውን አዙራ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። ስልክ አልነበራትም፤ የቤታቸውን አድራሻ አላውቅም። በመጫወቻው በኩል አካፋ ይዤ ሐሙስ ሐሙስ አልፍ ነበር፤ ወንድ ሰው ሴቶች መሐል መመላለስ ነውር ሆነና ተውኩት። ልትነግረኝ የነበረው የመሄጃዋን ቀን ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሻርፑን ከብዙ ዓመት በኋላ ለሐዋ ራሴ ይዤላት ሄድኩ። ቀለሙ ለቆ ነበር።

የደረቁትን ነቅለን ጉድጓዶቹን አንድ በጋ ሙሉ በውሃ አጠብን፤ ሞልተን እናሰርጋለን፣ አቡ ሐሰን ይቀምሳሉ፣ እንደገና እንሞላለን። ከዚያው ዛፍ ፍሬ እሳቸው በቆርቆሮ ያፈሉትን ችግኝ ተከልን። ዓይናቸው ስለደከመ ርቀቱን በእርምጃ እየለኩ፣ ከአንዱ ዛፍ እስከ አንዱ ስምንት። ችግኙ ወገቤ ላይ ሲደርስ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሄዱ። ዘንጉን ለእኔ ተዉልኝ። ዓመት ቆይቶ ሞታቸውን ሰማሁ፤ ረሒመሁላህ። ለጀናዛ ሶላታቸውም ለቀብራቸውም አልደረስኩም።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከፍቻለሁ። አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል። አንዱ አለቃ ውሃ አባከንክ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ፤ በሚቀጥለው ዝናብ ከፈትኩ። ዛፎቹ አደጉ፣ ጥላው ተመለሰ፣ ሰዉም ተመለሰ። የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ሆኗል። የእኛ ልጆች ዛሬም እዚያው ይቀመጣሉ። አሁን ሁሉም ስልክ አላቸው፤ ከጥላው ሥር ሆነው ከጎንደርም ከደሴም ጋር ያወራሉ። ከቱቦ ጋር የሚያወራ ግን የለም። እኔም ጨዋታ አልጀምርም፤ ሰላምታዬን በሆዴ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ሌላ ኩባንያ መናፈሻውን ተረከበ። ውሃው በኮምፒውተር ሆነ። አንድ ሳጥን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከጣሪያው ላይ ደግሞ ዝናብ የሚያውቅ ነገር አለው። ጠብታ ሲነካው ሁሉንም ውሃ ይዘጋል። መሐንዲሱ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ወጣት ነው፤ ትሑት ልጅ፤ «ዐም» ይለኛል፣ አጎቴ እንደማለት። «ዐም ሰይድ፣ እንግዲህ ይረፉ። ዝናቡ ራሱ ይዘጋዋል» አለኝ።

«እኔም የምፈራው እሱን ነው» አልኩት።

ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ስጨርስ ግን «አፈር መቅመስ በሽታ ያመጣል፤ ለዚህ መሣሪያ አለ» አለ። እንግዲያው አምጣው አልኩት። ሦስት ቦታ ሄድን። እኔ ቀመስኩ፣ እሱ መሣሪያውን ሰካ። እኔ «ይሄኛው ይብሳል፣ ያኛው መካከለኛ፣ ይሄ ደህና ነው» አልኩ። እሱ ቁጥሩን ተመለከተ፤ እንደገና ተመለከተ። «ከእርስዎ ጋር አንድ ነው» አለ። «ግን ዐም ሰይድ፣ ሳጥኑ ውሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ከላይ ካልፈቀዱ አልነካውም» አለኝ።

ዕድሜዬ ደርሶ ሥራ ሳቆም ቁልፍ፣ አካፋና የደንብ ልብስ በዝርዝር አስረከብኩ። ዘንጉ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለዑስማን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ከዚያ ሳጥኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደግፎት ስልኩን አነሳ። ያን እያየሁ ወጣሁ።

እስከዚህ የጻፍኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ትናንት ዘነበ።

ከዐስር ሶላት ስመለስ ጠብታው ግንባሬን ነካኝ። ያችው ቀጭኗ ካፊያ ናት። ክፍሌ አልገባሁም፤ ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ «በዝናብ መናፈሻ ውስጥ ማን አለህ?» አለኝ።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ዐዲስ ነው፤ አያውቀኝም፤ እንደ ማንኛውም እንግዳ ገባሁ። ልጆች በካፊያው ይሯሯጣሉ፤ የዝይ ጀልባዎቹ ከሐይቁ እየተመለሱ ነው። ሣሩ ላይ ያለው ውሃ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሳጥኑ ሥራውን ሠርቷል። ረድፉ ጋ ስደርስ በመጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። ውሃ ይንፎለፎላል። ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ያለው ቱቦ ተከፍቷል፤ ጉድጓዶቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ሦስተኛው ዛፍ ጋ ዘንጉ ተሰክቷል። ሳብ አድርጌ አወጣሁት። ክንድ ሙሉ ጭቃ ይዟል።

ዑስማን በአካባቢው አልነበረም። ደወልኩለት፣ አላነሳም። ምን እንደምለው ስለማላውቅ አለማንሳቱ ደግ ሆነ። ከጉድጓዱ ዳር አፈር ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አኖርኩ። ወደ ግራ ዞሬ ተፋሁ። «ጠይብ» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ከዛፉ በወዲያኛው በኩል አንዲት ልጅ ጋሪ አቁማ በስልክ ታወራለች። «ብታዪ፣ በዝናብ ውሃ ያጠጣሉ። እግዜር ከላይ ያፈስላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ከታች ይከፍታሉ። ምን ዓይነት ሰዎች መሃል ጣለኝ» ትላለች። ስልኩን ዘጋች።

ልማድ ሆኖ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ያዝኩ። «ጨዉን ለማሳለፍ ነው» አልኩ።

«ማነው?» አለች።

ቱቦው ነው ልል ነበር፤ አላልኩም። «ሥራ ያቆመ ሽማግሌ ነኝ፤ እነዚህን ዛፎች አጠጣ ነበር» አልኳት።

«አባባ፣ ሐበሻ ነዎት እንዴ? ይቅርታ፣ ስድብ አይደለም፣ ገርሞኝ ነው።»

«እኔንም ገርሞኝ ነበር። ትንሽ ዝናብ ጨዉን ሥሩ ላይ ያወርደዋል፤ ከኋላው ብዙ ውሃ ካልተላከ ዛፉ ይሞታል። ድሮ እዚህ ሌላ አርባ ቁርቁራ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ዘግቼ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። በሽታ አልነበረም።»

«በሽታ ነው ያለ ማነው?»

«እኔ።»

የጋሪውን ጎማ ወደፊትና ወደ ኋላ ስታንቀሳቅሰው ይሰማኛል። ቆይታ ቆይታ «እና አሁን የከፈተው ማነው?» አለች።

«አንድ የሱዳን ልጅ ነው። ብታገኚው አመስግኝልኝ።»

ከማዶ አንዲት ሴት በዓረብኛ ጠራቻት። ልጅቷ ብርድ ልብሱን ጨቅላው ላይ ስታስተካክል «መጣሁ ማዳም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ይሁን ወደ ዛፉ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ዓርብ እንመጣለን። እዚህ ይኖራሉ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ነው የምሳፈረው።

«ዛፎቹ አሉ» አልኳት። ጋሪው መንኳኳት ጀምሮ ስለነበር መስማቷን እንጃ። ዘንጉን ካገኘሁበት ቦታ መልሼ ሰካሁት፤ ክንድ ሙሉ ገባ።